የሲራጅን ስም የመታሁበት ቀን

ውድ እማ፣

ከተለየሽን ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ በመጀመሪያ የተቀባዩን ጤና ይጠይቃል፤ እኛ መሥሪያ ቤት ደግሞ «ጉዳዩ» ብለን ነው የምንጀምረው። እኔ ሁለቱንም አልቻልኩም። ጤናሽን እንዳልጠይቅ ያለሽበትን ዐውቃለሁ። ጉዳዩን ደግሞ ከራስጌ ብጽፈው ከሥሩ ያለውን ለመጻፍ አቅም የሚኖረኝ አይመስለኝም። ስለዚህ ዝም ብዬ ልጀምር።

በእስክሪብቶ ነው የምጽፍልሽ። የጽሕፈት መኪናው ቢሮ ነው ያለው፤ ቤት ቢኖረኝም ግን ለአንቺ በእሱ አልጽፍም ነበር። በአማርኛ መጻፌን አትቀየሚኝ። እኔና አንቺ ዕድሜ ልካችንን ያወራነው በሀዲይኛ ነው፤ ፊደል የቆጠርኩት ግን በአማርኛ ስለሆነ እጄ ሌላ አያውቅም። አንቺ አማርኛ የምታውቂው ለገበያ የሚበቃሽን ያህል ነበር፤ «ቅመሺው»፣ «ንጹሕ ነው»፣ «ተይ እንጂ እህቴ»። ለቀረው ፊቴን ታዪ ነበር። አሁንም እንደዚያው አድርጊ።

ቤቱ ደህና ነው። የሣር ክዳኑን አንሥተን ቆርቆሮ አልብሰነዋል፤ ክረምት ላይ ዝናቡ ሲወርድበት ሰው ከሰው አያነጋግርም። ሲራጅ ከዋንዛ አዲስ በር ሠርቶለታል፤ በአንድ ጣት ገፋ ስታደርጊው ድምፅ ሳያሰማ ይከፈታል። ከጓሮው እንሰት ሁለቱን ፍቀን በላን፤ አንቺ የተከልሻቸው ትልልቆቹ እስካሁን ቆመዋል፤ እነሱን መንካት አልቻልኩም። ላሚቱ ሁለቴ ወለደች። ጎረቤታችን እትዬ ፋጤ አለች፤ ዓይኗ ደክሟል፤ ሰው የምትለየው በድምፁ ነው። አሁንም «እናትሽ ብትኖር» ሳትል አንድ ወሬ አትጨርስም። ልጇ ጀማልም አድጎ ትልቅ ሰው ሆኗል።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ዋናውን ለማዘግየት ነው። አንቺ ከመጀመሪያው መስመር ጀምረሽ «ሲራጅስ?» እያልሽ እንደሆነ ይታወቀኛል። ሲራጅ ቤት የለም፣ እማ። ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው።

እንዴት እንደሆነ በቅደም ተከተል ልንገርሽ። ነገሩ የሚጀምረው ከአንቺ ነው። ይህን ስል ልወቅስሽ አይደለም፤ መጀመሪያው እዚያ ስለሆነ ነው።

ከሺንሺቾ ትዳሬ ፈርሶ ስመጣ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ስድስት ዓመት ኖሬ ልጅ ስላልወለድኩ ባሌ ሌላ ሚስት አገባብኝ፤ እኔም ጨርቄን ጠቅልዬ ደጅሽ ላይ ቆምኩ። አንድ ጥያቄ አልጠየቅሽኝም። «ነገ የፎንቆ ገበያ ነው፤ በጊዜ ተኚ» ብቻ ነው ያልሽኝ። አባባ ከሞተ ቆይቷል፤ በእኔና በሲራጅ መካከል የተወለዱትን ሦስቱን አፈር በልቷቸዋል፤ ሲራጅ ገና የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንቺ ቅቤውን እኔ ቆጮውን ተሸክመን ገበያ ለገበያ ዞርን። ጎንበስ ብዬ የኖርኩባቸው ዓመታት ናቸው። ግን እውነቱን ልንገርሽ? ካንቺ ኋላ ኋላ መሄድ ደስ ይለኝ ነበር።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው የመጣው ያኔ ነው። ቀበሌው ማንበብ የማይችል ሁሉ ይመዝገብ አለና ሁለታችንም ተመዘገብን። አንቺ «ዓይኔ ደክሟል» እያልሽ ከኋላ ወንበር ላይ ታንቀላፊ ነበር፤ በሦስተኛው ሳምንት ጭራሽ ቀረሽ። እኔን ግን ፊደሉ ያዘኝ። ምስክር ወረቀቱን ካገኘሁ በኋላ የማታ ትምህርት ገባሁ። አምስት ዓመት ሙሉ ቀን ቅቤ ሸጬ ማታ ጥቁር ሰሌዳ ሥር ተቀመጥኩ። ሰው ሲስቅብኝ፣ «ይቺ ሴትዮ ሚኒስትር ልትሆን ነው» ሲሉኝ፣ አንቺ መልስ ትሰጪልኝ ነበር። ምን እያልሽ እንደሆነ እዚህ ላይ አልጽፈውም፤ ስድብ ነበር።

አንድ ቀን እጄን ይዘሽ ጋሽ ተሰማ ቤት ወሰድሽኝ። ለባለቤታቸው ቅቤ ታቀርቢ ስለነበር ታውቂያቸዋለሽ። የመዝገብ ቤት ኃላፊ ነበሩ፤ አያታቸው ከመንዝ የመጡ፣ እሳቸው ግን እዚሁ ሆሳዕና ተወልደው ያደጉ፣ ሀዲይኛውን ከእኛ እኩል የሚናገሩ። በራቸው ላይ ቆመሽ «የዚችን ልጅ እጅ ከቅቤ አውጡልኝ» አልሻቸው።

ጋሽ ተሰማ ሳቁ። «እኛ ጋ ያለው ሥራ በመኪና መጻፍ ነው፤ ጠንካራ ጣት ይፈልጋል» አሉ።

እጄን ዘርግተሽ አሳየሻቸው። «ጣትማ ይኸው! እንሰት የፋቀ ጣት ነው።»

እንዲያ ነው የጀመርኩት። ሠራተኛው ሲወጣ እኔ እገባለሁ። ጋሽ ተሰማ በአሮጌው መኪና ላይ ያስቀምጡኝና ከጎኔ ጋዜጣቸውን ያነባሉ። የአማርኛ የጽሕፈት መኪና አስቸጋሪ ነው፣ እማ። አንዳንዱን ፊደል ለማውጣት መጀመሪያ አካሉን ትመቺያለሽ፤ ከዚያ እግሩን ወይም ጆሮውን ለብቻው ትቀጥይለታለሽ። አንዱን ከረሳሽ ቃሉ ሌላ ይሆናል። መጀመሪያ ላይ ጣቴ እየከበደኝ ወረቀቱን እበሳው ነበር። «ቀስ በይ፤ የምትመቺው ከበሮ አይደለም» ይሉኛል ጋሽ ተሰማ። በስምንተኛው ወር ሳላይ መምታት ቻልኩ። የቀድሞዋ ታይፒስት ወደ አዲስ አበባ ስትዛወር ሦስት ሰዎች ተፈተንን፤ እኔ በለጥኩ።

ደብዳቤውን ይዤ የመጣሁበትን ቀን አልረሳውም። «በጽሕፈት ሠራተኛነት የተቀጠርሽ መሆኑን እናስታውቃለን» ይላል። ወደ ሀዲይኛ እየመለስኩ ሦስት ጊዜ አስነበብሽኝ። በማግስቱ ገበያ ላይ ቅቤሽን እንኳ በወጉ አልሸጥሽም፤ ለመጣው ሁሉ «ልጄ የመንግሥት ሆነች» እያልሽ ዋልሽ።

ስድስት ወር ሳይሞላ ያ የጎንሽ ሕመም ጣለሽ። በመጨረሻው ሳምንት ሲራጅ ውሃ ሊቀዳ ሲወጣ ጠብቀሽ እጄን ያዝሽኝ። «ሲራጅን አደራ» አልሽኝ። «አንቺ አሁን ከመንግሥት ጋር ነሽ። ለሱ አልፈራም።» እኔም «አይዞሽ፣ እኔ አለሁለት» አልኩሽ። ስለው ከልቤ ነበር። ምን እንደማልችል ገና አላወቅኩም ነበር።

ስታርፊ ያጠበችሽ እትዬ ፋጤ ናት። እኔ ውሃ አቀብላት ነበር፤ ውሃውን ስደፋው አይታ «አንቺ ውጪ፣ እኔ እበቃታለሁ» አለችኝና ብቻዋን ጨረሰች። መቃብሩን ከቆፈሩት አንዱ ጀማል ነው፤ ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር።

እማ፣ ሥራው ተሳካልኝ። ይህን ያለ ኩራት መጻፍ አልችልም፤ በኩራት መጻፍም አልችልም። በአንድ ዓመት ውስጥ ከበላይ የሚመጣ ጥድፊያ ሁሉ «ለረሂማ ስጧት» ይባል ጀመር። ስሕተት አላወጣም። አንዴ የመታሁትን የሚያርም የለም። ገበያ ውስጥ ሳልፍ አብረውን ይነግዱ የነበሩ ሴቶች ከመቀመጫቸው ይነሡልኛል፤ እኔም አፍራለሁ፣ ደስም ይለኛል። ሲራጅም ስምንተኛ ክፍልን ጨርሶ አናጢነት ያዘ። በር፣ አልጋ፣ ሳጥን ይሠራል። ማታ ራት ስንበላ ጸጉሩ ውስጥ የቀረውን የእንጨት ፍቅፋቂ እለቅምለት ነበር። አደራሽን የጠበቅኩ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ዝርዝሮቹ መምጣት ጀመሩ።

ለብሔራዊ ውትድርና የተመለመሉ ወጣቶች ዝርዝር ነው። ከየቀበሌው በእጅ ተጽፎ ይመጣል፤ እኔ በሥርዓቱ አዘጋጅቼ ዋናውንና ሁለት ግልባጭ እመታለሁ፤ ተራ ቁጥር፣ ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ። የመጀመሪያዎቹን ስመታ ስም አልነበረም የማየው፣ ፊደል ነበር። አንድ ቀን እንዲያውም፣ ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም፣ ረጅም ዝርዝር ጨርሼ ከመኪናው ሳወጣው ዓምዱ ቀጥ ብሎ መውረዱን አይቼ ደስ ብሎኝ ነበር። ለጋሽ ተሰማ «ሲያምር ይዩልኝ» ብዬ አሳየኋቸው። እሳቸው አዩትና ወደ መስኮቱ ዞሩ። ያኔ አልገባኝም።

የኛ ቀበሌ ዝርዝር የመጣው በመስከረም መጨረሻ ላይ ነው። አርባ ስም ነበረው። እየመታሁ ወረድኩ። አሥራ ዘጠነኛው ላይ ስደርስ ጣቴ ቆመ። የሲራጅ ስም፣ የአባታችን ስም፣ የአያታችን ስም፤ ዕድሜ ሃያ።

ከጎኔ የነበረችው ልጅ «የቀለሙ ሪባን አለቀ እንዴ?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። ከዚያ ሃያኛውን ስም አሥራ ዘጠነኛ አድርጌ መታሁት። እንዲያው ዘለልኩት፣ እማ። በሕይወቴ የመጀመሪያዋ ድፍረት እሷ ናት። መጨረሻ ላይ «ጠቅላላ ድምር ሠላሳ ዘጠኝ» ብዬ ዘጋሁትና ለጋሽ ተሰማ ወሰድኩት። ወደ ቤት ስሄድ ውስጤ «አደራሽን ጠበቅኩ፣ አደራሽን ጠበቅኩ» ይል ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ ተሰማ ጠሩኝ። በሩን ራሳቸው ዘጉት። ሁለቱን ወረቀት፣ የቀበሌውንና የእኔን፣ ጎን ለጎን አስቀምጠዋል።

«ረሂማ፣ አርባ ነበር» አሉኝ።

የራሴን ወረቀት ወደ እኔ ሳብኩት።

«የቀረውን አይቼዋለሁ። ከእኔ አይወጣም። ግን ቀበሌው አርባ ብሎ ፈርሟል፤ የሚረከቡትም አርባ ቆጥረው ነው የሚረከቡት። ቁጥሩ መሙላቱ አይቀርም፣ ልጄ። በማን ይሞላ የሚለው ብቻ ነው ያለው።»

ከመሳቢያቸው ሌላ ወረቀት አወጡ። ተጠባባቂ ይለዋል፤ አንዱ ሲጎድል የሚተኩት ናቸው። አምስት ስም አለበት። ጣታቸውን የመጀመሪያው ላይ አደረጉ። ጀማል። የእትዬ ፋጤ ጀማል።

«የወንድምሽን ትተሽ ይህን ብታስገቢ ማንም አይጠይቅሽም። እኔም አልጠይቅሽም። ወይም እንደነበረው ምቺው። ልወስንልሽ አልችልም» አሉኝ። ቀጥለውም «እኔ ደካማ ሰው ነኝ፤ ሠላሳ ዓመት ወረቀት ከመደርደር በቀር ያደረግኩት የለም» አሉ። ፊታቸውን በመሐረብ ሸፈኑ። ትልቅ ሰው እንደዚያ ሲሆን አይቼ አላውቅም።

ሁለቱን ወረቀቶች ይዤ ወደ መኪናዬ ተመለስኩ። አዲስ ወረቀት አስገባሁ፤ ካርቦኑን አስተካከልኩ። አንቺን ጠየቅኩሽ። «ምን ላድርግ? አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?» አልኩሽ በልቤ። የታየኝ እትዬ ፋጤ እጅጌዋን ሰብስባ ስታጥብሽ ነው። ሌላ ልጅ የላትም፤ ባል የላትም። የሷን ልጅ በወንድሜ ምትክ አስገብቼ ነገ በአጥር በኩል «እንዴት አደርሽ ረሂማ?» ስትለኝ ምን ብዬ እመልሳለሁ? ደግሞ አንቺ በሌላ በኩል ሆነሽ «ሲራጅን አደራ» ትዪኛለሽ። ሁለታችሁም ትክክል ነበራችሁ። ሁለታችሁንም የማስደስትበት መንገድ አልነበረም።

መታሁት። የሲራጅን ስም የመጀመሪያ ፊደል አካሏን አወጣሁ፤ እግሯን ቀጠልኩ። ምንም ስሕተት አልነበረበትም። ምነው አንዲት ስሕተት እንኳ ባወጣሁ ኖሮ እላለሁ አሁን፤ ለምን እንደሚጠቅም ግን አላውቅም።

ቤት ስደርስ ሲራጅ ጓሮ ሆኖ ጣውላ እየላገ ነበር። አልሸፋፈንኩትም፤ እንዳለ ነገርኩት። መላጊያውን አስቀምጦ እጁን በሱሪው ጠረገ።

«ዛሬውኑ ወደ ሀደሮ ሂድ፤ አጎታችን ጋ» አልኩት።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ… እንጃ።»

«ከዚያማ ጀማልን ይወስዱታል። አንቺንም ወንድምሽ የት ገባ ብለው ይይዙሻል» አለኝ። ተጠባባቂው ማን እንደሆነ እኔ አልነገርኩትም፤ ከቀበሌ ሰምቷል። ለካስ ስሙ እንዳለበት ከእኔ በፊት ያውቅ ነበር። እንዳልጨነቅ ብሎ ነው ያልነገረኝ፤ እኔ ደግሞ እሱ እንዳይጨነቅ ብዬ ዝርዝሩን ደብቄው አድሬ ነበር። በአንድ ቤት ውስጥ።

ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ስሜን አሳምረሽ መታሽው?»

«አሳምሬ» አልኩት።

ሳቀ። ታውቂው የለ፣ ዓይኑ ተጨፍኖ ነው የሚስቀው። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። መሬት ላይ ተቀመጥኩና የላገውን ፍቅፋቂ በእጄ እየዘገንኩ አለቀስኩ።

የሄዱ ቀን ከጋሽ ተሰማ ፈቃድ ወስጄ መሰብሰቢያው ሜዳ ድረስ ሸኘሁት። ስማቸው ሲጠራ «አቤት» እያሉ መኪናው ላይ ይወጣሉ። የሚጠራው በእኔ ወረቀት ነበር፣ እማ። ሰውዬው ሳይደናቀፍ ነው የሚያነበው፤ ንጹሕ ጽሑፍ ስለሆነ። እትዬ ፋጤ በጀማል ክንድ ተደግፋ መጥታ ከእኔ በላይ አለቀሰች። አቅፋኝ «አላህ ይመልስልሻል፤ የእናትሽ ልጅ ነው፣ ክፉ አይነካውም» ትለኛለች። ጀማል አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። እሱ ያውቅ እንደሆነ እስከዛሬ አልጠየቅኩትም።

ከሁሉ የባሰውን ደግሞ ልንገርሽ። ከወር በኋላ ስብሰባ ተጠርቶ ከመድረኩ ስሜ ተጠራ። «የገዛ ወንድሟን ስም በገዛ እጇ ጽፋ ለእናት አገር ያበረከተች ጓድ» ተባልኩ። አዳራሹ አጨበጨበ። ተነሥቼ እጅ ነሣሁ፤ ምን ላድርግ? በዚያው ሳምንት የታይፒስቶች ኃላፊ ሆንኩ። አንቺ የተመኘሽልኝ ቦታ ላይ ነኝ። የራሴ ቁልፍ አለኝ፤ ሦስት ሰዎች ከሥሬ ይሠራሉ። ሰው ከቅቤ ነጋዴነት ተነሥቶ እዚህ ደረሰ ይባላል፤ ለሌሎች ሴቶች ምሳሌ ነች ይባላል። የሚባለው ሁሉ እውነት ነው።

አሁን እናቶች ቤቴ ይመጣሉ። ከአንጋጫ በእግሯ የመጣች አለች። ቅቤ በቅጠል ጠቅልለው ደጃፌ ላይ ያስቀምጡና «የልጄን ስም አታውጪው» ይሉኛል። የሰጠመ ሰው አረፋ ይጨብጣል። «የራሴን ማዳን ያልቻልኩ ሰው ነኝ» ብላቸው አያምኑኝም። ቅቤውን አስይዤ እመልሳቸዋለሁ። እንደጨከንኩባቸው አድርገው እያዩኝ ይሄዳሉ።

ከሲራጅ ሁለት ደብዳቤ መጣ። አንዱ ከማሠልጠኛ ነው፤ ሰላምታ ብቻ። ሁለተኛው ከሰሜን ነው። «እዚህ ዛፍ የለም፤ የጥይት ሳጥን እየፈታሁ ለጓደኞቼ መቀመጫ እሠራለሁ» ይላል። ከዚያ ወዲህ አሥራ አራት ወር ሆነ። ለሚመለከተው ሁሉ ጻፍኩ። «ጉዳዩ፦ የወንድሜን ሁኔታ ለማወቅ ስለመጠየቅ» ብዬ እኔው መታሁ፣ እኔው ፈረምኩ። አንድ መልስ መጣ፤ «የደረሰን መረጃ የለም» ይላል። ይህችን ሐረግ ለሌላ ሰው ስንት ጊዜ እንደመታኋት አስቤው አላውቅም ነበር። አሁን ግን ከየት እንደምትወጣ ዐውቃለሁ። ከየትም አትወጣም። ታይፒስቷ ከድሮው ደብዳቤ ላይ ገልብጣ ነው የምታስገባት።

ባለፈው ሰኔ አንድ እግሩን ያጣ ወታደር ወደ አገሩ ሲያልፍ አግኝቼ ጠየቅኩት። «አንድ አናጢ ነበር፤ ሆሳዕና ነኝ የሚል፣ ሲስቅ ዓይኑን የሚጨፍን» አለኝ። እጅጌውን ያዝኩት። «ስሙስ? በሕይወት አለ?» አልኩት። «ስሙን ረሳሁት፤ እኔ ስቆስል እሱ ደህና ነበር» አለ። በዚህች ይኸው አምስት ወር ኖርኩባት። ሰዎች «ሐዘን ተቀመጪና ይውጣልሽ» ይሉኛል። አልቀመጥም።

ጀማልን አንዳንዴ እጠላዋለሁ፣ እማ። ውሃ ይቀዳልኛል፣ እንጨት ይፈልጥልኛል፤ መጥረቢያውን ሲያነሣ «አንተ እዚህ ነህ» እላለሁ በልቤ። ከዚያ ራሴን እጠላለሁ። በሚቀጥለው ወር ሊያገባ ነው። እትዬ ፋጤ «እህት የለውም፤ በእህት ቦታ አንቺ ቁሚለት» ብላኝ እሺ ብያታለሁ።

ይህን ደብዳቤ ዛሬ ለምን እንደጻፍኩ ልንገርሽ። ዓርብ ዕለት አዲስ ዝርዝር መጣ። ጀማል አለበት። ተጠባባቂ ውስጥ አይደለም፤ ዋናው ላይ ነው፣ አራተኛው ስም። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ደጋግሜ አየሁት። ያኔ ሲራጅን የሰጠሁት ለምን ነበር? ለሁለት ዓመት? የምጠይቀው ሰው አጣሁ። ጋሽ ተሰማ ጡረታ ወጥተዋል። ብጠይቃቸውም የሚሉኝን ዐውቀዋለሁ፤ ቁጥሩ መሙላቱ አይቀርም።

ዛሬ ጠዋት እትዬ ፋጤ ቤት ሄጄ ሁሉንም ነገርኳት። የዓርቡን ብቻ አይደለም። የሲራጅንም፣ ተጠባባቂውንም፣ የዘለልኩትንም፣ መልሼ የመታሁትንም። እንድታመሰግነኝ አልነበረም፤ ብቻዬን መሸከም ስላቃተኝ ነው። እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ በእጇ ፊቴን ፈለገችና አገኘችው። ዓይኔን፣ ጉንጬን ዳሰሰች። «አንቺ ልጅ፣ ይህን ሁሉ ቀን ከኔ ጋር ቆጮ ስትበዪ እንዴት አላነቀሽም?» አለችኝ። ተቆጥታ ይሁን አዝናልኝ አላውቅም። ተነሥታ ጀማልን ጠራችውና በሩን ዘጉት። ከሰዓት በኋላ ጀማል ትንሽ ጥቅል ነገር ይዞ ሲወጣ በመስኮት አየሁት። ወዴት እንደሚሄድ አልጠየቅኩም። ካላወቅኩ ቢጠይቁኝም የምናገረው አይኖርም።

ነገ ሰኞ ነው። ጠዋት ገብቼ ስሙን እመታዋለሁ፤ ይኑርም አይኑር ስሙ ወረቀቱ ላይ አለ። በሱ ፈንታ የሚሞላው ተጠባባቂ ማን እንደሆነ አላየሁም። ሁለተኛው ገጽ ላይ ነው፤ አልገለጥኩትም። ነገ መግለጤ ግን አይቀርም። ሥራዬ ነው።

እማ፣ አደራሽን አልጠበቅኩም። «ይቅር በይኝ» ብዬ መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ግን ሌላ ምን ማድረግ እችል እንደነበር እስካሁን ስላልገባኝ ለየትኛው ይቅር እንደምትዪኝ አላውቅም። የምችለውን ልንገርሽ። ዓርብ ዓርብ ዱዓ አደርግልሻለሁ። ሲራጅን እንዳለ ሰው እጠራዋለሁ፤ «ነበር» የሚል ሰው ቢመጣ እዚህ ቤት አያድርም። አንቺን ደግሞ ገበያ ስንሄድ እንደነበረው ከፊቴ እንዳለሽ አድርጌ አስብሻለሁ፤ ስትደክሚ ቆም ብለሽ ወደ ኋላ እንደምታዪኝ። አልረሳሽም። እዚያ ሲራጅን ካላገኘሽው ደስ ይበልሽ። ካገኘሽው ግን፣ እባክሽ፣ በሆነ መንገድ አሳውቂኝ።

ልጅሽ ረሂማ